ዳማና ዳማከሴ

ባለፈው ቅዳሜ አባቴ ደወለና «አንድ ነገር ጠፍቶብኛል፣ መጥተሽ አፈላልጊኝ» አለኝ። ምን እንደሆነ ብጠይቀው በስልክ አልናገርም አለ። አባቴ በስልክ የማይናገራቸው ምስጢሮች አብዛኛውን ጊዜ መነጽሩና የመነጽሩ ቤት ስለሆኑ፣ ሳልቸኩል ሱሉልታ ሄድኩ። የግቢውን በር ገፍቼ በጠባቡ መግቢያ ሳልፍ ትከሻዬ አጥሩ ጥግ የበቀለውን ዳማከሴ ነካው፤ ሽታው ቀጥ አድርጎ አቆመኝ። ዳማከሴ ለሌላው ሰው የመድኃኒት ሽታ ነው። ለእኔ ግን ብቻውን መጥቶ አያውቅም፤ የተቃጠለ ቤንዚን፣ እርጥብ ምንጣፍና የታናሽ ወንድሜን የናቲን ትውከት አስከትሎ ነው የሚመጣው።

ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ናቲ አምስት ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ ከነበረው የኪራይ ቤት ወጥተን ሱሉልታ፣ ገና ልስኑ ወዳላለቀው የራሳችን ቤት የገባነው በዚያው ዓመት ነው። እማዬ ከቤቱ ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ ከፈተች። የአባዬ ሥራና የእኛ ትምህርት ቤት ግን ከተማ ስለቀሩ፣ ሦስታችን በየማለዳው ዳገቱን ወጥተን ወደ አዲሱ ገበያ እንወርዳለን፤ ማታም እንዲሁ እንመለሳለን። የሚያመላልሰን ዳማ ነበር።

ዳማ መኪናችን ነው። ቀላ ያለ ቡኒ ስለሆነ አባዬ ሆሳዕና አጠገብ አባቱ በነበራቸው ፈረስ ስም ጠራው። ዕድሜው ከወላጆቼ ትዳር ይበልጣል። አባዬ በሙያው የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ እሱ ግን በልቡ መካኒክ ነው። የመኝታ ክፍላችን ግድግዳ በእሱ የዓለም ካርታዎች ተሸፍኖ፣ ከአልጋው ሥር ደግሞ ቁልፍና ቡሎን የሞላበት ካርቶን ነበረ። ካርቶኑን ማንም እንዲነካበት አይፈልግም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የዳማ ማርሚታ ተቀደደ። ማርሚታ የሞተሩን ጭስ በመኪናው ሆድ ሥር አሳልፎ ከኋላ የሚያስወጣው ነው፤ ሲቀደድ ጭሱም ጩኸቱም ከኋላ ሳይደርስ ከመኪናው ሆድ ሥር ይወጣል። ዳማ ጠዋት ሲነሳ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሮት ይነሳ ጀመር። ጋራዥ ያሉ ሰዎች ይቀየር ሲሉት አባዬ «እኔ እያለሁ?» አለ። ከእማዬ ሱቅ የዱቄት ወተት ጣሳ ወስዶ በመቀስ ሰነጠቀ፣ በቀዳዳው ላይ ጠቀለለው፣ በሽቦም ጠፍሮ አሰረው። ከዚያ ሞተሩን አስነሳና እኛን በተርታ አቆመን።

«ምን ሰማችሁ?»

«ምንም» አልነው።

«እሱን ነው የምላችሁ» አለና እጁን ጠርጎ ምሳ ጠየቀ።

ስለዚያ ጣሳ እስከ መስቀል ድረስ ለመጣው እንግዳ ሁሉ አወራ።

ኅዳር ሲገባ ብርዱ መጣ። የሱሉልታን ብርድ ያላየ ሰው ሜዳ ነጭ ይሆናል ብንለው አያምነንም። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ፣ ስንረግጠው ከጫማችን ሥር ይሰበራል። አባዬ የመኪናውን መስኮቶች እስከ ላይ ይዘጋል፤ አልገጥም ባለው በአንደኛው በኩል ደግሞ አሮጌ ካልሲ ይጠቀጥቅበታል። እኔና ናቲ ከኋላ አንድ ጋቢ ውስጥ እንገባለን። ሙቀቱ ደስ ይላል። ዳማ ዳገቱን ሳይጨርስ ዓይኔ ይከደናል፤ ስነቃ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነኝ። በዚያ ኅዳር መንገዱን አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም።

የምነቃው ግን ደህና ሆኜ አልነበረም። ጭንቅላቴ ውስጥ ወፍጮ የተተከለ ይመስለኛል። ናቲ ደግሞ ከመኪና እንደወረደ ያስመልሰዋል፣ ዕድል ሲጥለኝም እኔ ላይ። የክፍል ኃላፊያችን «ልጅቷ ክፍል ውስጥ ስለምትተኛ ማታ ቴሌቪዥን አያስመሿት» የሚል ደብዳቤ ለቤተሰብ ጻፉ። ቴሌቪዥናችን ሱሉልታ ከገባን ጀምሮ ከካርቶኑ ወጥቶ አያውቅም ነበር። በዚያ ደብዳቤ እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል።

እማዬ ነገሩን ወዲያው ለየችው፦ ምች ነው። ላብ ሳይደርቅ ብርድ፣ ብርድ ሳይለቅ ፀሐይ፤ ከምች ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? መጀመሪያ እጇን ጭንቅላታችን ላይ ጭና ትጸልይልናለች፣ አሜን ስንል ወደ አዴ ጫልቱ ትወስደናለች። ሁለቱንም አንድ ላይ ካደረጉ የትኛው እንዳዳነ መከራከር አያስፈልግም ትል ነበር።

አዴ ጫልቱ ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ፣ አራት ላሞችና አንድ ትልቅ የዳማከሴ ቁጥቋጦ ያላቸው አሮጊት ነበሩ። «ኮታ፣ ኢጆሌ» ይሉናል፤ ኑ፣ ልጆች ማለታቸው ነው። ቅጠሉን ቀጥፈው በመዳፋቸው ያሹና ጭማቂውን ሲኒ ውስጥ ጠብ ያደርጋሉ። አንድ ጉንጭ እንጠጣለን፣ የቀረውን ግንባራችንን ይቀቡናል፣ ጭማቂው የቀረበትን መዳፋቸውን አፍንጫችን ላይ ይዘው «ሳቡት» ይላሉ። ይመራል፣ ዓይን ያስለቅሳል። አርብ ማታ ከተቀባን ቅዳሜ ጠዋት ድነን እንነሳለን። የአዴ ጫልቱ እጅ መድኃኒት ነው ተብሎ ተወራ።

የመድኃኒቱ ስም ለእኔ ግልጽ ነበር። ዳማ ያሳምመናል፣ በኋላ ደግሞ ይክሰናል፤ ዳማ ካሴ። መኪናው ለበደለን በደል የሚከፍለን ካሣ ነው ብዬ አምኜ ነበር። አሁን ሳስበው ከቤታችን ሰው ሁሉ ወደ እውነቱ የቀረብኩት እኔ ነበርኩ፤ ግን ማን ጠየቀኝ?

በእነዚያ ቀናት አባዬ ላይ ሁለት ነገር ታዝቤበታለሁ። አንደኛው ከረሜላ ነው። ከተማ ስንደርስ መኪናውን ያቆምና ከፀሐይ መከላከያው ሥር ነጫጭ ከረሜላ አውጥቶ ሁለት ይውጣል። ለእኛ አይሰጥም። ስጠይቀው «የትልቅ ሰው ነው» ይላል። አባቴ ስስታም ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበርና በጣም ከፋኝ።

ሁለተኛው ባሰ። አንድ እሁድ እማዬ ሱቅ እያለች ጠራኝና የብረት ሳጥኑን ከፈተ። ክዳኑ ከውስጥ አበባ ያለበት ጨርቅ ተለጥፎበታል። የጨርቁን ጥግ ገለጥ አደረገና በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አሳየኝ።

«ይሄ ካርታው ነው» አለኝ። «ቦታውን ያዢ። አንድ ቀን እናትሽ ስትፈልገው ታሳያታለሽ። እስከዚያ ግን ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ።»

አልተነፈስኩም። ግን የዓለም ካርታ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንጂ አይደበቅም። የሚደበቅ ካርታ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ልጆች ከፑል ቤቱ ጀርባ ተቀምጠው የሚጫወቱት፣ የሰንበት ትምህርት አስተማሪያችን ከመጠጥ ቀጥሎ የጠሩት ኃጢአት። አባቴ፣ መዝሙር የሚመራው አባቴ፣ ካርታ ይጫወታል። ምች የመጣብን በእሱ ኃጢአት ይሆናል ብዬም ጠረጠርኩ። በየምሽቱ ከጋቢው ሥር ይቅር እንዲባል እጸልይለት ነበር፤ ከረሜላውንም ጨምሬ።

ለገና ሆሳዕና ልንሄድ ነበር። የእማዬ እናትና አባት ናቲን በዓይናቸው አላዩትም። ዳማን ጭነን፣ ማለዳ ተነስተን፣ መስኮት ዘግተን፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን አራታችንም ቀኑን ሙሉ ልንጓዝ። ልንሄድ አራት ቀን ሲቀረን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እማዬ ለመንገድ የሚሆን ዳማከሴ ልትለምን ወደ አዴ ጫልቱ ሄደች። እኔና ናቲ ተከትለናት ጭድ ክምሩ ላይ እየተንሸራተትን እንጫወታለን።

«ማን ታመመ?» አሉ አዴ ጫልቱ።

«ዛሬስ ደህና ናቸው፣ አዴ። መንገድ ላይ ምች ቢነሳባቸው ብዬ ነው።»

አዴ ጫልቱ እኛን አዩን። ናቲ በጭንቅላቱ ወደ ታች እየወረደ ነበር።

«ያለፈው ቅዳሜስ?»

«ደህና ነበሩ።»

«እሁድ?»

«እሁድም ደህና ናቸው። ሰኞ ነው የሚብስባቸው።»

አሮጊቷ ቅጠል መቅጠፋቸውን ተዉ። «እኔ ሰባ ዓመት ምች አይቻለሁ» አሉ። «ቅዳሜና እሁድ የሚያርፍ ምች አላየሁም። ደመወዝተኛ ነው እንዴ?»

እማዬ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። «ኮቱ፣ ምሕረት» ብለው ጠሩኝና የትምህርት ቤት ሹራቤን ከደረቴ ላይ ይዘው አሸተቱት። ቅዳሜም ያንኑ ሹራብ ለብሼ ነበር፤ እማዬ በዚህ አፍራለች።

«ማታ ከሰል ቤት ታስገባላችሁ?»

«ኧረ በፍጹም፣ አዴ። እንዴት አድርገን?»

«እኔ አስገብቼ ነበር። ወጣት ሆኜ፣ ከባሌ እህት ጋር። በርዶን በሩን ዘጋን። ራሴን ፈለጠኝ፣ አስመለሰኝ፣ ከዚያ እንቅልፍ ያዘኝ። ጥሩ እንቅልፍ ነው፣ ይጣፍጣል። እኔን ጎትተው ሲያወጡኝ ነቃሁ። እሷ አልነቃችም።» ሹራቤን ለቀቁት። «ይሄ ምች አይደለም። ይሄ ከሰል ነው። ከቤት ካልሆነ፣ ሰኞ ሰኞ የምትገቡበት ሌላ ቤት የቱ ነው?»

እማዬ ዞር ብላ በአጥሩ ላይ ግቢያችንን አየች። አባዬ ዳማ ጣሪያ ላይ ዕቃ የሚታሰርበትን ገመድ እየለካ ነበር።

ተሻግረን ስንነግረው አባዬ እንደ ተሰደበ ሰው ነው የሰማው። «አዴ፣ የእኔ መኪና በቤንዚን እንጂ በከሰል አይሄድም» አለ። «ማርሚታውንም በእጄ ነው የጠገንኩት። ድምፅ አለው? የለውም።»

«ከሰልስ ድምፅ አለው?» አሉ አዴ ጫልቱ።

«እሺ፣ ከኋላ ማን ተቀምጦ አይቷል?»

«እኔ እቀመጣለሁ።»

ቀልድ መስሎት ነበር። እሳቸው ነጠላቸውን ሰብስበው የኋላውን በር ከፈቱና ገቡ፤ እዚያ እኔ የምተኛበት ቦታ ላይ ቁጭ አሉ። «አስነሳው። መስኮቱንም ዝጋ።» አባዬ እማዬን አየ። እማዬ ረድታው አታውቅም፣ ያን ቀንም አልረዳችውም። ሞተሩን አስነሳና፣ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ተቀምጠው እሱ ውጭ መቆሙ ነውር ሆኖበት፣ ሄዶ አጠገባቸው ተቀመጠ። እኔና ናቲ በመስታወቱ እናያቸዋለን። ሁለቱም ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ፊት ለፊት ያያሉ።

ትንሽ ቆይቶ አባዬ የሚከራከርበት ነገር አገኘ መሰለኝ። በሩን ከፍቶ «ይኸው፣ በየት ይገባል? ወለሉ ድፍን ብረት ነው» አለና ከእግራቸው ሥር የነበረውን ምንጣፍ ገለበጠው።

ከምንጣፉ ሥር ሣር አየሁ። መኪናችን ውስጥ ሣር መኖሩ በጣም ገረመኝ። ዝገት የበላው፣ እንደ ሲኒ አፍ የሰፋ ቀዳዳ ነበር፤ የማየው ሣር የግቢያችን ሣር ነው። የቀዳዳው ዙሪያ ጠቁሯል። ናቲ ጣቱን ሊያስገባ ሲል አባዬ እጁን ያዘው፣ ያዘውና ለረጅም ጊዜ አልለቀቀውም። ከዚያ ሄዶ ሞተሩን አጠፋ። አዴ ጫልቱ «ነግሬህ ነበር» አላሉትም። «ውኃ ስጡኝ» ብቻ አሉ።

ከዚያ በኋላ አባዬ አንዲት ቃል አልተከራከረም። ዳማን በክሪክ አነሳው፣ ክሪኩን ስላላመነው ከጎማዎቹ ሥርም ከጎንም ድንጋይ ደረደረ። እማዬ የዱቄት ሳሙና በጥብጣ አመጣች። ጭሱ በኋላ እንዳይወጣ እርጥብ ጨርቅ የማርሚታው ጫፍ ላይ ተደረገ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ አባዬ በጀርባው ተኝቶ ከሥር ገባና የሳሙናውን ውኃ በጣሳው ዙሪያ አፈሰሰ። አረፋ ወጣ። አንድ፣ ሁለት ሳይሆን ሙሉ ዘለላ፣ ያ የተመካበት የወተት ጣሳ በጠርዙ ሁሉ አረፋ ተፋ። ናቲ በደስታ አጨበጨበ።

«ይተነፍሳል» አለ አባዬ ከመኪናው ሥር። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። «ዳማ ስተነፍስ ኖሬያለሁ ይለኛል፣ አልሰማሁትም።»

ሥራው ከሰዓቱን በሙሉ ፈጀ። ሞተሩ እስኪበርድ ተጠበቀ። ጣሳው ሲወርድ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። አባዬ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈገፈገ። ለግቢው በር ከተሠራው ብረት የተረፈ ቱቦ ነበር፤ በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቆ በተቀደደው ላይ እንደ እጀ ጠባብ አለበሰው፣ እሳት የሚችል ማጣበቂያ ከውስጥ ቀባና በአራት ቡሎን አጠበቀው። የወለሉን ቀዳዳ በቆርቆሮ ደፈነው። ቡሎኖቹን በሻርፔ ይዤ የማቀብለው እኔ ነበርኩ፤ አንዱ ሣር ውስጥ ወድቆብኝ ሁላችንም በአራት እግራችን ፈልገነዋል። አዴ ጫልቱ ዱካ ላይ ተቀምጠው ላሞቻቸው ሳይታለቡ ቆዩ። ቤት ይግቡ ሲባሉ «አረፋውን ሳላይ አልሄድም» አሉ።

ሳሙናው እንደገና ተበጠበጠ፣ ጨርቁ ተደረገ፣ ሞተሩ ተነሳ። ሁላችንም በሆዳችን ተኝተን አየን፣ እማዬም ጭምር። የሳሙናው ውኃ በብረቱ ላይ ወርዶ መሬት ላይ ጠብ ጠብ አለ። ሌላ ምንም።

«አሁንስ?» አሉ አዴ ጫልቱ፣ ጎንበስ ማለት አቅቷቸው።

«ትንፍሽ አላለም» አለች እማዬ።

ያን ቀን ያዘነ ሰው ናቲ ብቻ ነበር፤ አረፋ የለም ብሎ አለቀሰ። አባዬ ግን ከመኪናው ሥር ወጥቶ ሣሩ ላይ በጀርባው ተዘረጋና በግራሶ እጁ ዓይኑን ሸፈነ። ዝገት ገብቶበት ነው ብዬ ውኃ ላመጣ ስሮጥ እማዬ ያዘችኝ።

«ምን ሆንክ?» አለችው።

«እኔንም ያመኝ ነበር» አለ። «ራሴን። ከኅዳር ጀምሮ። የወንድሜ ነገር መስሎኝ ነበር።»

የአባዬን ታላቅ ወንድም፣ እኔ ሳልወለድ፣ በራስ ምታት የጀመረ ሕመም ነው የገደለው። እማዬ ይህን ታውቃለች። ያንን እርጥብ ምንጣፍ አንስታ እግሩ ላይ መታችው። «ብቻህን ልትሞት ነበር?» አለችው፣ ደግማ መታችው፣ ከዚያም ምንጣፉን ጥላ አጠገቡ ተቀመጠች። አዴ ጫልቱ «ገለተ ዋቃ» ብለው አምላክን አመስግነው ላሞቻቸውን ሊያልቡ ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ውርጩን፣ ባሕር ዛፎቹን፣ እንጨት የተሸከሙ አህዮችን፣ ከዳገቱ ማዶ ደግሞ ከተማውን ከታች ተዘርግቶ አየሁ። ይህ ሁሉ በየቀኑ በአጠገቤ ያልፍ ነበርና ናቲን እየቀሰቀስኩ አሳየሁት። ናቲ የሚያስመልሰው መስሎን ብንጠብቅ ዳቦ ጠየቀ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ አባዬ ከረሜላዎቹን አውጥቶ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጨመራቸው። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«ያንን ካርታ እርሺው» አለኝ። «አሁን አያስፈልግም።»

«ተውከው?» አልኩት፣ ጸሎቴ የተሰማ መስሎኝ።

«ምኑን?»

«ካርታ መጫወቱን። ኃጢአት ነው እኮ።»

አባቴ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው የዳማን ኮፈን ተደግፎ ሳቀ፤ ዘበኛው መጥቶ ምን እንደሆነ እስኪጠይቀው ድረስ ሳቀ። የቤት ካርታ የሚባል፣ ቤቱ የእኛ መሆኑን የሚናገር ወረቀት መኖሩን ያን ጠዋት ተማርኩ። ለምን እኔን፣ የዘጠኝ ዓመት ልጁን፣ ቦታውን እንዳስያዘኝ ግን ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ሆሳዕና በሰላም ደርሰን ተመለስን።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ቤት ስገባ አባቴ ሳሎኑን ገልብጦት ነበር። ጸጉሩ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። መሳቢያዎቹ ወለሉ ላይ ናቸው፣ እናቴ በር ላይ ቆማ ራሷን ትነቀንቃለች።

«የቤቱ ካርታ» አለኝ። «ማዘጋጃ ቤት አምጡ ብሏል። ሦስት ቀን ፈለግሁ፣ የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ።»

ጓዳ ገባሁ፣ የብረት ሳጥኑን ከፈትኩ፣ የአበባውን ጨርቅ ጥግ ገለጥ አድርጌ ፌስታሉን አወጣሁ። ለእሱ አልሰጠሁትም፤ እንደተባልኩት ለእናቴ ሰጠኋት። አባቴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አንዴ ወረቀቱን አንዴ እኔን አየ።

«እርሺው ብዬሽ አልነበር?» አለኝ።